ለጨዋታ ምሽት የሚሆን ያልተዘመረለት ሲትኮም አመራረጥ

ቅዳሜ ማታ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በሚገኘው ቤታችን ስድስት ሰባት ሰው ለካርታ ይሰበሰባል፤ ቴሌቪዥኑም ይከፈታል። ካርታው የታሰበበት ነው፤ ማን እንደሚመጣ፣ ማን ቆሎ እንደሚይዝ፣ ማን ከማን ጎን መቀመጥ እንደሌለበት ሳይቀር ከሐሙስ ጀምሮ ይታወቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ግን ለዕድል ይተዋል። በዚህም ምክንያት አንድ ቀን የእግር ኳስ ግጥሚያ ይገኝና ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ሌላ ቀን ደግሞ አንዱ ልብ አንጠልጣይ ድራማ ይከፍትና፣ ካርታው ሞልቶለት ሊዘጋ የተቃረበው ሰው «ቆይ፣ ይቺን ብቻ እንያት» እየተባለ ሲለመን ያመሻል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ያለውን ምሽት ለማስቀረት ነው።

ለጨዋታ ምሽት የሚፈለገው ጀርባ ቢሰጡት የማይቀየም ሲትኮም ነው። አሥር ደቂቃ ትተውት ቢመለሱ ታሪኩ ርቆ የማይጠብቅ፣ ጥሩ ቀልድ ሲመጣ ደግሞ ሰውን ከካርታው ቀና የሚያደርግ መሆን አለበት። ሲትኮም ስል የተወሰኑ ሰዎች በአንድ ቤት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ሱቅ ውስጥ በየክፍሉ አዲስ ጣጣ የሚገጥማቸውንና እያንዳንዱ ክፍል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጀውን አስቂኝ ተከታታይ ማለቴ ነው።

ስማቸው ያልገነነውን የምመርጠው ለመራቀቅ አይደለም። ሁሉም የሚያውቀው ዝነኛ ሲትኮም ሲከፈት ከስድስቱ ሰው ሦስቱ ቀልዱን ከተዋናዩ ቀድመው ይናገሩታል፤ የተቀሩት ሦስቱ ደግሞ ገና ላላዩት ነገር ይስቃሉ ተብሎ ፊታቸው ይጠበቃል። ማንም ያላየው ሲትኮም ሲሆን ግን ሁሉም እኩል እንግዳ ነው፤ ሳቁም ከልብ ይመጣል።

አንደኛ፦ አስቀድመው ጨዋታውን ይወስኑ

ሲትኮሙ የሚመረጠው ከጨዋታው በኋላ ነው። ዓይን የሚይዝ ጨዋታ አለ፤ አፍ የሚይዝ ጨዋታም አለ። ካርታ፣ ዶሚኖ፣ ዳማና ቼዝ ዓይንን ይይዛሉ፤ ጆሮ ግን ነጻ ነው። ስለዚህ በጆሮ የሚከተሉት፣ ድምፁ ብቻውን የሚያስቅ ሲትኮም ይስማማቸዋል። ሉዶ ላይ አንድ ሰው ተራው እስኪደርሰው ብዙ ስለሚጠብቅ ዓይኑም ነጻ ነው፤ በሰብታይትል፣ ማለትም ከምስሉ ሥር በሚነበብ ጽሑፍ፣ የሚታይ ነገር ሊከፈት የሚችለው እዚህ ነው። እንቆቅልሽ፣ በምልክት አስረድቶ ማስገመት፣ ወይም «ማነው ውሸታሙ» ዓይነት ጨዋታ ከተመረጠ ግን ቴሌቪዥኑን ያጥፉት። ጨዋታ የሚለው ቃላችን ካርታውንም ወሬውንም ይይዛልና ወሬው ራሱ ጨዋታ በሆነበት ምሽት ሦስተኛ ተናጋሪ መጋበዝ አያስፈልግም።

ከዚያ አንድ ዙር በቤትዎ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ይለኩ። በእኛ ቤት አንድ የካርታ ዙር፣ ብወዛውና ክርክሩ ተጨምሮበት፣ ወደ 25 ደቂቃ ይጠጋል። የአሜሪካ ትላልቅ ጣቢያዎች ሲትኮም ማስታወቂያው ሲወጣለት 22 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ አንድ ዙር ከአንድ ክፍል ጋር ይገጥማል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ክፍሉ ሲያልቅ ዙሩም ካለቀ ሰው ለሻይ ይነሳል፣ ነጥብ ይጻፋል፣ ማንም አይጣላም።

ሁለተኛ፦ ጀርባዎን ሰጥተው ይፈትኑት

አንድ ሲትኮም ለጨዋታ ምሽት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ለብቻዎ ሆነው ከክፍሉ መካከል አምስት ደቂቃ ይክፈቱና ጀርባዎን ሰጥተው ሌላ ሥራ ይሥሩ፤ ልብስ ይጠፉ፣ ሽንኩርት ይክተፉ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተጋጨ በጆሮዎ ከለዩና አንዴ ወይም ሁለቴ ዞር ለማለት ከተገደዱ ሲትኮሙ አልፏል። አንድም ጊዜ ካልዞሩ ሬዲዮ ይበቃዎታል፤ ሽንኩርቱን ትተው ዞረው ከቀሩ ደግሞ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ከፈተናው ጋር አብሮ የሚታይ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ሲትኮሞች በስቱዲዮ ተመልካች ፊት ስለሚቀረጹ የሰዎቹ ሳቅ አብሮ ይሰማል፤ ሌሎቹ እንደ ፊልም ተቀርጸው ያለ ሳቅ ይቀርባሉ። የፊልም አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች የሳቁን ድምፅ ይንቁታል፤ እኔም ለብቻዬ ስሆን ይሰለቸኛል። ለካርታ ምሽት ግን ሳቁ እንደ ደወል ነው። ካርታው ላይ ያቀረቀረው ሰው ሳቁን ሲሰማ ቀና ይላል፣ የተዋናዩን ፊት ያያል፣ ተመልሶ ያቀረቅራል። ሳቅ የሌለበትን ከመረጡ ቀልዱ በንግግሩ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማ፣ ወይም ታሪኩን ተራኪ የሚነግርበት ይሁን።

ሦስተኛ፦ ከእነዚህ ይጀምሩ

እኛ ቤት ከሁሉ በላይ የቆየው ዴዝመንድስ የተባለው የእንግሊዝ ሲትኮም ነው። ቻናል ፎር ከ1989 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ያስተላለፈው ሲሆን 71 ክፍሎች አሉት። ታሪኩ የሚካሄደው በደቡብ ለንደን፣ ፔክሃም በሚባል ሰፈር በሚገኝ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ዴዝመንድ ከካሪቢያን የመጣ ሰው ሲሆን ኖርማን ቢተን ተጫውቶታል። ሚስቱ ሸርሊ፣ ሥራ ፈትቶ ወንበር ላይ የሚውለው ወዳጁ ፖርክፓይ፣ ትምህርቱ የማያልቅለት ጋምቢያዊው ተማሪ ማቲውም አሉ። ማቲው በየጊዜው «የድሮ አፍሪካዊ ምሳሌ» እያለ ሲጀምር ሁሉም ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ይህን ሲትኮም ለመረዳት ብዙ እንግሊዝኛ አይጠይቅም፤ አራዳ ላይ ያለ ፀጉር ቤት ገብቶ ተራ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ማታ እናቴ ጀበናውን ይዛ ስትገባ ቆማ ትንሽ አየችና፦

«ይኸ ሰውዬ ፀጉር የሚቆርጠው መቼ ነው? ከገባሁ ጀምሮ ሲያወራ ነው።»

«እማማ፣ የእኛ ሰፈሩስ መቼ ይቆርጣል?» አለ ባጃጅ ነጂው ወዳጃችን፣ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሳ።

እሷ እንግሊዝኛ አትሰማም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴዝመንድ ሲጀመር ለቡናው የምትቀመጥበት በርጩማ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ማለቱን ሁላችንም አስተውለናል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ሳቁ ይሰማል፣ መድረኩ ከፀጉር ቤቱና ከላዩ ካለው የቤተሰቡ መኖሪያ ብዙ አይወጣም፣ ጠቡም በክፍሉ መጨረሻ ይበርዳል።

ሁለተኛው ኒውስሬዲዮ ነው። ኤንቢሲ ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ 97 ክፍሎች ያሉት፣ ኒውዮርክ ውስጥ ባለ የዜና ሬዲዮ ጣቢያ የሚካሄድ ሲትኮም ነው። ጣቢያው የማሳያ ሰዓቱን እየደጋገመ ይቀያይርበት ስለነበር ተመልካች ሊለምደው አልቻለም፤ ለስሙ አለመግነን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቢል የተባለውን በራሱ የተመካ ዜና አንባቢ የተጫወተው ፊል ሃርትማን በ1998 ተገድሎ ስለሞተ በመጨረሻው ዓመት ጆን ሎቪትዝ ሌላ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ገብቷል። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ክፍሎች መምረጥ ይሻላል። ዛሬ ዓለም በፖድካስቱ የሚያውቀው ጆ ሮገን የመሥሪያ ቤቱ ኤሌክትሪሻን ሆኖ ሲሠራ ማየትም የራሱ ጨዋታ አለው። ንግግሩ ግን ፈጣን ነው። እንግሊዝኛውን በደንብ የሚሰማ ሰው በጠረጴዛው ላይ ካልበዛ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ንግግር ለሚከብዳቸው የምከፍተው የካናዳውን ኮርነር ጋዝ ነው። ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በሲቲቪ የታየ ሲሆን 107 ክፍሎች አሉት። ብሬንት ባት የተባለው ኮሜዲያን የፈጠረውና በዋና ተዋናይነት የሠራበት ነው። ሳስካችዋን በምትባለው ሜዳማ ክፍለ ሀገር፣ ዶግ ሪቨር በተባለች ምናባዊ ከተማ፣ አንድ ማደያና ከጎኑ ያለ ቡና ቤት አሉ። ሰዎቹ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ጣጣውም ጣጣ ለመባል አይበቃም። አንዱ ከጎረቤቱ የተዋሰውን ዕቃ አልመለሰም፣ አባትየው ይነጫነጫል፣ ሁለቱ ፖሊሶች የሚከሰስ ሰው ያጣሉ። ሳስካችዋን ሜዳ ከመሆኗ የተነሳ ውሻዎ ቢጠፋ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሄድ ያዩታል የሚል የቆየ ቀልድ አላቸው። ይህን ለወዳጆቼ ስነግራቸው ከኮምቦልቻ የሚመጣው «ደሴ ላይ ውሻ አንድ መታጠፊያ ካለፈ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ነው፤ በቃ ሄዷል» አለ። ኮርነር ጋዝ ላይ የተመልካች ሳቅ የለም፤ ይሁንና ዝምታው ራሱ ቀልዱ መድረሱን ስለሚያሳውቅ ጆሮ አይስተውም።

ከካናዳ ሳንወጣ ኪምስ ኮንቪኒየንስ አለ። ሲቢሲ ከ2016 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. አምስት ምዕራፍ፣ 65 ክፍል አሳይቷል፤ መነሻው ኢንስ ቾይ የጻፈው የመድረክ ተውኔት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ከኮሪያ የመጡ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩትን ኑሮ ያሳያል። አባትየው ከወንድ ልጁ ጋር ተኳርፏል፤ ልጁን የተጫወተው ሲሙ ሊዩ ኋላ የማርቭል ፊልም መሪ ተዋናይ ሆኗል። ይህን ሲትኮም በጥንቃቄ መክፈት ያስፈልጋል። ሰኞ ገበያ ላይ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጃችን፣ ሚስተር ኪም ከአንድ ደንበኛ ጋር በዋጋ ሲከራከር ባየ ጊዜ ሊጥለው የነበረውን ካርታ በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ተራው መሆኑን ሦስት ጊዜ ነግረነው አልሰማም፤ በመጨረሻ «ይኸ ሰው ያው እኔ ነኝ» ብሎ ካርታውን ጣለ፤ የጣለውም መጣል የሌለበትን ነበር። በጠረጴዛዎ ዙሪያ ነጋዴ ካለ ይህን ሲትኮም ነጥብ ከማይያዝበት ዙር ጋር ያገናኙት።

የቢሮ ጣጣ የሚያስቃቸው ሰዎች ካሉ ከህንድ ኦፊስ ኦፊስ አለ። ሳብ ቲቪ ላይ በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመረ ሲሆን ፓንካጅ ካፑር ሙሳዲ ላል የተባለውን ተራ ዜጋ ይጫወታል። ሰውዬው በየክፍሉ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ የሚያጉላሉትን ሠራተኞች የሚጫወቱት ግን ሁልጊዜ ያው ተዋናዮች ናቸው። የትም ቢሄድ ያው ፊት ይጠብቀዋል ማለት ነው። ቋንቋው ሂንዲ ነው፤ ሆኖም ፋይል ታቅፎ ከመስኮት መስኮት የሚንከራተትን ሰው ለመረዳት ሂንዲ ማወቅ አያስፈልግም። ለሉዶ ምሽት ይመጥናል።

ኤቭሪባዲ ሄትስ ክሪስ እንደሌሎቹ የተረሳ አይደለም፤ ነገር ግን ለጆሮ ከሁሉ የተመቸ ስለሆነ አልተውኩትም። ከ2005 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. 88 ክፍል የታየ ሲሆን ኮሜዲያኑ ክሪስ ሮክ በብሩክሊን ያሳለፈውን ልጅነት በራሱ ድምፅ ይተርካል። ተራኪ ስላለው ማንም ዓይኑን ከካርታ ሳያነሳ ይከተለዋል። ቴሪ ክሩስ የተጫወተው አባት የፈሰሰን ወተት ሳይቀር በሳንቲም እያሰላ ይነግራቸዋል፤ ሁለት ሥራ ይሠራልና መብራት ሳያጠፉ መውጣት በእሱ ቤት ወንጀል ነው። ያገሬ አባት ሁሉ እዚያ አለ።

ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ብቻ ደግሞ ቤተር ኦፍ ቴድ። በኤቢሲ በ2009 ተጀምሮ በ2010 እ.ኤ.አ. የቆመ ሲሆን የተሠሩት 26 ክፍሎች ብቻ ናቸው። ቬሪዲያን ዳይናሚክስ በተባለ ምንም ከመሥራት በማይመለስ ምናባዊ ድርጅት ውስጥ ይካሄዳል። ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአንዱ ድርጅቱ በርና መብራት በራሱ የሚከፍት አዲስ ዳሳሽ ያስገባል፤ ዳሳሹ ግን ጥቁር ሰዎችን አያይም። ጥቁር ሠራተኞች በጨለማ ይቀመጣሉ፣ በሩ አይከፈትላቸውም። አለቆቹ ዳሳሹን እንደመንቀል ለእያንዳንዱ ጥቁር ሠራተኛ ከኋላው እየተከተለ መብራት የሚያበራለት ነጭ ሰው ይቀጥራሉ። ይህን ካየን ወዲህ እኛ ቤት መብራት በጠፋ ቁጥር አንዱ «ዳሳሹ አላየንም» ይላል።

አማርኛውን እንዴት ዘለልከው የሚል አይጠፋም። ቤቶች በቴሌቪዥናችን ለብዙ ዓመት የታየና ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ባላነሳውም ቅር አይለውም። በፋና ቴሌቪዥን የቀረበውና በአንድ ካፌ ውስጥ የሚካሄደው ምን ልታዘዝ ግን ከሚገባው በታች የተወራለት ይመስለኛል። ሆኖም ለካርታ ምሽት አልመክረውም። ሽሙጡ ፖለቲካ ነው፤ በአማርኛ ስለሆነ ደግሞ አንዲት ቃል አታመልጥም። አንድ ክፍል ከፍተን ካርታው ወደ ክርክር ተለውጦ፣ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ማንም ካርታ ሳያነሳ ቀርቷል። ጨዋታው እንዳይደርቅ የሚፈሩ ከሆነ ግን ፍቱን ነው።

ዲቴክቶሪስትስ የተባለውን የእንግሊዝ ሲትኮምም ከልቤ ስለምወደው በተለይ አስጠነቅቃለሁ። ማኬንዚ ክሩክ ጽፎና አዘጋጅቶ በቢቢሲ ፎር ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀረበ፣ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማሳ ለማሳ የሚዞሩ ሁለት ሰዎችን የሚያሳይ ነው። ውበቱ ዝምታው ነው፤ ዝምታውን ስድስት ካርታ ተጫዋች ይገድለዋል። ለዝናባማ እሑድ ይቆይ።

አራተኛ፦ ማን እንደሚመጣ ይወቁ

የመረጡትን ክፍል አስቀድመው ሙሉውን ይዩት። በወሎ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጡ ወግ ነው፤ ሽማግሌና ሕፃንም ድንገት ይገባል። ጀርባ ሰጥተው የፈተኑት ሲትኮም በመካከሉ አባት ፊት የማይታይ ነገር ቢያመጣ ሪሞት ፍለጋ የሚደረገው ሩጫ ከማንኛውም ቀልድ በላይ ያሳፍራል። ከላይ ከጠቀስኳቸው ውስጥ ለቤተሰብ በብዛት የሚመቹት ኮርነር ጋዝና ዴዝመንድስ ናቸው፤ ቤተር ኦፍ ቴድን ልጆች ሲተኙ ይክፈቱት።

ለመክሰስ ቆሎ፣ ፈንድሻ፣ ዳቦና ጭኮ ይበቃል፤ ጾም ከሆነ ጭኮው በዘይት ይታሽ። ሥጋ ያለበት ነገር ሁሉንም አያስማማም፤ ሳምቡሳ ደግሞ የምስርም ቢሆን ካርታውን ቅባት ያደርገዋል፤ ቅባት የነካው ካርታም በጀርባው ይታወቃል። በረመዳን ምሽቱ ከተራዊህ በኋላ ይጀመር።

አምስተኛ፦ ፍላሹንና ቴሌቪዥኑን በቀን ያዘጋጁ

ኢንተርኔት ላይ ተማምነው ምሽቱን አይጀምሩ፤ ስድስት ሰው ባለበት ቤት የሁሉም ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ይገናኛልና ምስሉ በጥሩው ቀልድ ላይ ቆሞ ይሽከረከራል። ክፍሎቹን ቀድመው በፍላሽ ይያዙ። የ22 ደቂቃ ክፍል በመካከለኛ ጥራት ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 400 ሜጋባይት ስለሚሆን 8 ጊጋ ፍላሽ ለብዙ ቅዳሜዎች ይበቃል። ፍላሹ ፋት 32 በተባለው አሠራር ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ ምዕራፉን ሙሉ በአንድ ፋይል ያሰረውን ሳይሆን ክፍል በክፍል የተለየውን ይያዙ።

ቆየት ያሉ ቴሌቪዥኖች ኤች 265 በተባለው አሠራር የተጨመቀን ምስል አይከፍቱም፤ ኤች 264 የሆነውን ግን አብዛኞቹ ይከፍታሉ። ሌላው ችግር ደግሞ ምስሉ መጥቶ ድምፁ የሚቀርበት ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የፋይሉ ድምፅ ዲቲኤስ ዓይነት ሲሆንና ቴሌቪዥኑ እሱን ሳያውቅ ሲቀር ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት እንግዳ ከተሰበሰበ በኋላ ነበር፤ ዴዝመንድ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ ድምፅ አፉን ሲያንቀሳቅስ አመሸ። ስለዚህ እያንዳንዱን ፋይል በቀን፣ በራሱ በምሽቱ ቴሌቪዥን ላይ፣ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ ከፍተው ይዩ። ሰብታይትል ከፈለጉ ጽሑፉን የያዘው የኤስአርቲ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ በአንድ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ይህ ሁሉ እምቢ ካለ ላፕቶፕና የኤችዲኤምአይ ገመድ መፍትሔ ነው።

ስድስተኛ፦ አቀማመጡን ያስተካክሉ

ይህ ክፍል ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን ለወራት የተበላንበት ነው። ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀመጥ ተጫዋች የያዘው ካርታ ፊቱን ወደ እሱ ያዞረ ስለሆነ፣ ከኋላው ያለው የቴሌቪዥን መስታወት በጠቆረ ቁጥር ካርታውን በትከሻው ላይ አሳልፎ ከፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰው ያሳያል። አንድ መምህር ወዳጃችን በጨለማ የተሞላ የወንጀል ድራማ ተከፍቶ በነበረበት ሰሞን ያለማቋረጥ ሲሸነፍ፣ ከፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ደግሞ ያለማቋረጥ ሲያሸንፍ ሰነበተ። ምክንያቱ የታወቀው ቡና የምታቀርበው እህቴ ከአሸናፊው ጀርባ ቆማ «ጋሼ፣ ሁለት ጆከር ይዘዋል እንዴ?» ብላ መምህሩን በጠየቀች ጊዜ ነው። ሲትኮም ብርሃኑ የደመቀ ስለሆነ ይህ ችግር ይቀንሳል፤ ሆኖም ቴሌቪዥኑን ከጠረጴዛው ጎን በኩል ማድረግ፣ ከተጫዋች ጀርባ የሚሆነውንም መስኮት በመጋረጃ መሸፈን ይገባል።

ድምፁ ተጫዋቹ «ያንተ ነው» ሲባል ሳይጮህ በሚሰማበት ልክ ይሁን። ሪሞቱን ካርታ የማይጫወት ሰው ይያዘው፤ እኛ ቤት እናቴ ትይዘዋለች፤ ለማስቆም ግን ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፦ ምሽቱን ሲመሩ

ሁለት ክፍል ከአቦል በፊት፣ አንድ ክፍል ከቶና በኋላ፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። ማንም ያላየው ሲትኮም ስለሆነ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩና ዝም ይበሉ፤ «አሁን የሚመጣውን እዩ» ማለት ክልክል ነው። በመጀመሪያው ክፍል ማንም ካልሳቀ ሌላ አይሞክሩበት፤ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው ለዙሩ እንጂ ለሲትኮሙ አይደለም።

መብራት ከጠፋ ላፕቶፑን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ያቅርቡት። ባትሪው አንድ ክፍል ይጨርሳል፤ ብርሃኑም ካርታ ለማየት ይበቃል። ከኮምቦልቻ የመጣ እንግዳ ካለ ሰዓቱን ይጠብቁለት፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ከወረደ በሌሊት አይደፈርም፤ ፍራሽ ቢዘረጋለት ይሻላል። ያደረ እንግዳ ካለም የመጨረሻው ክፍል ጠዋት በቁርስ ይታያል።

ሁሉም ሲነሳ ነጥብ በተያዘበት ወረቀት ጥግ ላይ የሲትኮሙን ስም፣ ምዕራፉንና የክፍሉን ቁጥር ይጻፉ። የእኛ ወረቀት ላይ ባለፈው ቅዳሜ የተጻፈው «ዴዝመንድ፣ 3ኛ ምዕራፍ፣ 5ኛ ክፍል፣ መካከል ላይ ቆሟል፤ እማማ ሳትኖር እንዳይቀጥል» ይላል።